ወደ ኋላ የሄደው ቢራ

ሬሳው ደረጃው ሥር ተደፍቷል። ምድር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ አሥራ አራቱን ደረጃ ወረደች። ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ቀርቷታል። ሬሳ ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ወድቆ በሆነ። ወድቆ ከሆነ ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው።

ሟቹ ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪሞች ልኩን ይልኩለታል፣ እሱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቀርጻል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እስክሪብቶው ደረት ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነው።

«ወድቆ ነው፣ አለቃ» አለ ሳጅኑ ከላይ ሆኖ። ወፍራምና ቀልደኛ ነው፤ ሁልጊዜም ይርበዋል። ሐሙስ ቀን ገና ሦስት ሰዓት ነበር፤ ምሳ እያሰበ ነው።

ጎንበስ ብላ ከሟቹ ጭንቅላት ኋላ ያለውን ቁስል አየች። የጨረቃ ግማሽ ይመስላል። ቀና ብላ ደረጃውን አየች። የሁሉም ደረጃ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው።

«ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ቁስሉ ጎባጣ» አለች።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሁለት ገጽ አይበቃም።»

ድምፁ የሚመጣው ከደረጃው ማዶ ካለው ግድግዳ ሥር ነው። ክዳኑ የተገጠመ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል፤ ሃያ ሦስት ሊትር ይይዛል። ወገቡ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀበቶ ታጥቋል። ክዳኑ ላይ የተሰካችው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከባልዲው የሚወጣው አየር ያንን ውሃ ሰንጥቆ ያልፋል። ባልዲው ቢራ እየጠመቀ ነው። ባለቤቱ ሞቶ እሱ ይሠራል።

አጠገቡ ጠረጴዛ አለ። ደብተር፣ ታጥቦ የተደፋ አንድ ባዶ የብቅል ሽሮፕ ቆርቆሮ፣ እና የቢራው ስኳር ስንት እንደደረሰ የሚለካ ሃይድሮሜትር፤ ቴርሞሜትር የሚመስል ተንሳፋፊ የመስታወት ዘንግ ነው። ጥግ ላይ አንድ እሽግ የጠርሙስ ልጣፍ አለ፣ አዲስ የታተመ። አንዱን አነሳች። ብርጭቆ የጨበጠ መንጋጋ ጥርስ ተሥሎበታል። ሥሩ «በአንድ ሰው እጅ የተጠመቀ» ይላል።

መልሳ አስቀመጠችው። መርዝ ሊኖር ይችላል ብላ ከባልዲው ናሙና ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ አዘዘች። ያመነችበት ነገር አልነበረም። ሥርዓት ስለሆነ ነው።

*

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ተቀምጣለች፤ ኮቷን አላወለቀችም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ስትናገርም ነገሩን በየመደርደሪያው እንደምትሰካ ነው።

እሁድ ከሰዓት ባሏ ከጎረቤታቸው ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ቢራ ጠመቀ። የቤልጅየም ዓይነት ነው፤ በኪት የሚሸጥ፣ ሽሮፑም እርሾውም አብሮ የታሸገ። እርሾው ሲበተን ክዳኑን ይዛላቸው የነበረች እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት ዓይኗን ቀዶ ጥገና ወዳደረገች እናቷ ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ስትመለስ ያገኘችው ይህንን ነው።

በእነዚህ ቀናት አልደወልሽለትም ወይ ብላ መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«ተኳርፈን ነበር» አለች ሴትየዋ። «እናቴ እኛ ጋ ትኑር አልኩት። እንቢ አለኝ። እስኪ እሱ ይደውል ብዬ ጠበቅኩ።»

ስልኳን አገላብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ከቀትር በፊት ሁለት ነገር ታወቀ። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ሰኞ ማታ ነው አለ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤት ደግሞ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ጩኸት ሰምተው በመስኮት አይተዋል። የሚጮኸው የሚስትየዋ ወንድም ነበር፤ ጎሚስታው።

ጎሚስታው ከጎማ መጠገኛው ከነቱታው መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ምንም አልካደም። የእናቱን ነገር ሊያነጋግር ሄዶ ነበር። ጥርስ እንጂ ልብ መሥራት አታውቅበትም አለው። ደረቱን ይዞ ገፋው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል? ተናድጄ በእግሬ ነው የሄድኩት።»

«ቤትህ ማን ነበር?»

«እኔና ቴሌቪዥኑ።»

ጣቢያ አዛዡ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጠብ አለ፣ መግፋት አለ፣ እጁ ብረት የለመደ ሰው አለ። ይታሰርና ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። መርማሪዋ ልትከራከረው ደከማት። ደግሞስ በምን ትከራከረው?

ቧንቧ ሠራተኛውን ያናገሩት በዚያው ዕለት ነው፤ እበሩ ላይ በቆመችው ዕቃ መጫኛ መኪናው አጠገብ። የመኪናዋ ሆድ እንደ ፋርማሲ ተደርድሯል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ በሁሉም ውስጥ ብሎንና የጎማ ቀለበት። ሳጅኑ ይሄ ሁሉ የሚበላ ነገር ነበር ማለት ነው ብሎ ተከዘ።

ሰውየው ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ለሟቹ አለቀሰ፤ በመጠኑ። ስድስት ዓመት አብረው ጠምቀዋል። የቤቱ ቁልፍ አለው፤ ሰዎቹ ሲወጡ ባልዲውን የሚያየው እሱ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ከእሁድ ወዲህ ወደ ቤቱ እግሬን አላነሳሁም አለ።

«ቢራው ገና ይፈላል» አለች መርማሪዋ፣ ለወሬ ያህል።

«የቤልጅየም እርሾ ሰነፍ ነው» አላት። «ሳምንት ይፈጅበታል።»

*

አርብ ጠዋት ሚስትየዋ ጣቢያ መጣች። ሻይ ቀረበላት፤ አልነካችውም። ያለችውም ይህን ብቻ ነው፦

«ቀብሩ እሁድ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ይቁም አይቁም ንገሪኝ።»

መርማሪዋ አላውቅም አለቻት።

«እኔም አላውቅም። እሱ ነው ችግሬ። እጁን ሳስበው ያስፈራኛል፤ ደግሞ ያሳደገኝ እጅ ነው።»

ከወጣች በኋላ መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ ከምድር ቤቱ የመጣውን ደብተር አነበበች። ከእንቅልፍ የሚሻል ሥራ አላገኘችም፤ እንቅልፍ ደግሞ አይፈቀድም።

ጥርስ ሠሪው ሁሉን የሚጽፍ ሰው ነበር። ያንኑ ኪት ከዚህ በፊት ስምንት ጊዜ ጠምቆታል፤ ስምንቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሃይድሮሜትሩ 62 ይላል። በማግስቱ ማታ ወደ 44 ይወርዳል። በአራተኛው ቀን 14 ይሆንና «ጸጥ አለ» ተብሎ ይጻፋል።

የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ኪት ተገዛ። አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለሚቀጥለው። እሁድ 11፡00፣ እርሾ ገባ፣ 62። ሰኞ ማታ 12፡00፣ 44። መዓዛው ጥሩ።» ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ይህን ከጻፈ በኋላ ብዙ አልቆየም ማለት ነው።

የላቦራቶሪው ወረቀት የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። መርዝ የለም። ትጉህ ባለሙያ ናት የመረመረችው፤ ያልተጠየቀችውንም ለክታ ጽፋለች። ናሙናው ሐሙስ ጠዋት ሲቀዳ መለኪያው 58 ነበር።

መርማሪዋ ወረቀቱን ደብተሩ ላይ አስተኛችው። ሰኞ 44፣ ሐሙስ 58። ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጫማዋን አደረገች።

ኪቱን የምትሸጠው ሴት ሱቅ ጣቢያው ጀርባ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለቱን ቁጥር ተመለከተችና ሳቀች።

«አንዱ ተሳስቷል» አለች። «እርሾ ስኳር ይበላል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። የበላውን አይተፋም። ቢራ ወደ ኋላ አይሄድም።»

«እርሾው ሰነፍ ቢሆንስ?»

«ይሄ?» ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አውርዳ መርማሪዋ ፊት አስቀመጠችው። ከባድ ነው፣ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ የአፉ ጠርዝ ወፍራም ክብ ነው። «ይሄ እኮ የተራበ ጅብ ነው። በሦስት ቀን ጠራርጎ ይጨርሳል። ማነው ሰነፍ ያለሽ?»

መርማሪዋ የቆርቆሮውን ጠርዝ በጣቷ እየተከተለች ነበር። የጨረቃ ግማሽ።

ሐሙስ ጠዋት 58 የሚል ቢራ መቼ እርሾ ገባበት ብላ ጠየቀች። ሻጯ አላመነታችም፤ ረቡዕ ከሰዓት ወይም አመሻሽ ላይ።

ረቡዕ ጥርስ ሠሪው ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ሳጅኑ ውጭ ብስኩት እየበላ ጠበቃት። ነገሩን ስትነግረው ማኘኩን አቆመ። በሕይወቱ ይህ ብዙ ጊዜ አልሆነም።

«ሬሳው ባለበት? ሌላ ቢራ?»

«የእሁዱ ቢራ ፈሷል። ባልዲው ያለው ከደረጃው ማዶ ነው፤ ከደረጃ የወደቀ ሰው ባልዲ ሊደፋ አይችልም። ባዶ ባልዲ ትግል ነበረ ይላል። ስለዚህ ሞላው።»

«ጎሚስታው?»

«ጎሚስታው ቁልፍ የለውም። ረቡዕ እስኪመሽ ጎማ ሲጠግን ዋለ፤ ደንበኞቹ ይመሰክራሉ። ደግሞ ቢራ መጥመቅ ይችላል?»

«መጠጣት ይችላል» አለ ሳጅኑ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ እኔ የጠጪውን ሆድ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ሁለት ኪት ተገዝቷል። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው የት ሄደ?

ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። የቧንቧ ሠራተኛውን መኪና።

*

ቆርቆሮው ከዱቄት ወተቱና ከቲማቲሙ መካከል ነበር። ወረቀቱ ተልጦ፣ በደንብ ታጥቦ፣ በጎማ ቀለበት ተሞልቷል። ጠርዙ በአንድ ወገን ገባ ብሏል። ከሥሩ የታተመው ቁጥር ምድር ቤት ከቀረው ቆርቆሮ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ነው። ጠርዙ የታጠፈበት ቦታ፣ ስፖንጅ በማይደርስበት፣ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ደርቋል።

ቧንቧ ሠራተኛውን ጣቢያ አስቀመጡት። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበርና አንድ የሚንጠባጠብ የእጅ መታጠቢያ አለ። ሰውየው ገና ሲገባ ቧንቧውን አየ፤ ሲጠየቅም ዓይኑ ወደዚያው ይመለስ ነበር።

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ።»

«ምን ሥራ?»

«የተዘጋ ፍሳሽ።»

«የማን ቤት?»

ዓይኑ ወደሚንጠባጠበው ቧንቧ ሄደ።

«እርሾው ሰነፍ ነው ብለውኝ ነበር።»

«አንዳንዴ ይሰንፋል።»

«በደብተሩ ስምንት ጊዜ ተጽፏል። አንድም ቀን አልሰነፈም። ሰኞ ማታ አርባ አራት ደርሶ ነበር፤ በገዛ እጁ ጽፎታል። ሐሙስ ሃምሳ ስምንት ሆኖ ተገኘ። ምን ይሉታል?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ቁጥሩ ገብቶታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ በላይ ገብቶታል።

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄንን ለምን አልጣልከውም?» አለች። «እርስዎ» ማለት ደክሟት ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጠርዙን አየው።

«ደህና ቆርቆሮ ነው» አለ።

«ሰው የገደልክበት ነው።»

«ክዳኑ በደንብ ይገጥማል።»

ሳጅኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰውየው የተናገረውን ገና አሁን የሰማ ይመስል በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ በኋላ እንዲናገር መገፋፋት አላስፈለገም።

ስድስት ዓመት አብረው ጠምቀዋል። የብርቱካን ልጣጭ ይግባበት ያለው እሱ ነው። የማሞቂያ ቀበቶውን በእጁ የሠራው እሱ ነው። ባልዲ የሚሸከም፣ የሚያጥብ፣ ጠርሙስ የሚሞላ እሱ። ጥርስ ሠሪው ይለካል፤ ይጽፋል። በሚቀጥለው ወር ውድድር አለ፤ ሊያቀርቡት ነበር። ሰኞ ማታ ቢራውን አብረው ሊያዩ ወረደ። ጥርስ ሠሪው ለክቶ ጻፈ። ከዚያ ልጣፉን አሳየው።

«በአንድ ሰው እጅ ይላል» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «እኔስ? አልኩት። የምር ነው የጠየቅኩት። ሳቀ። አንተማ ባልዲ ያዥ ነህ አለኝ።»

ሁለተኛው ቆርቆሮ እጁ ላይ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት አለ። ሰውየው ሲወድቅ ባልዲውን ይዞ ወደቀ፤ ሃያ ሦስት ሊትር ወለሉን ሞላው። ሬሳውን ጎትቶ ደረጃው ሥር አደረገው። ማክሰኞ ወለሉን አጠበ፣ በወለሉ ፍሳሽ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ሙቅ ውሃ ለቀቀ፤ እሱ ሥራው ነው፣ በደንብ ሠራው። ረቡዕ ግን ሚስትየዋ ነገ እንደምትመለስ ትዝ አለው። ክዳኑን የያዘችላቸው እሷ ናት። የእሁዱ ቢራ የት ሄደ ብትልስ? ያንኑ ቆርቆሮ ከፈተ። ውሃ አፈላ። ሽሮፑን ገለበጠ። የብርቱካኑን ልጣጭ ጨመረ። እርሾውን በተነ።

«ሬሳው እዚያው ሆኖ?»

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የሠራሁት።»

«ደብተሩ አጠገብህ ነበር። የሰኞው ቁጥር ተጽፎበታል። ገጹን ብትቀድደው ኖሮ እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ከፍተህ አላየኸውም?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«ደብተሩ የእሱ ነው» አለ። «እኔ ነክቼው አላውቅም።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሰውን የሚገድልበትን ምክንያት ጽፋለች። ትልቅ ምክንያት ገጥሟት አያውቅም። ይኼኛው ግን አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር፤ አንድ ቃል ቢለወጥ፣ «አንድ» የሚለው «ሁለት» ቢባል፣ ሁሉም ሰው ዛሬ ቤቱ ነበር።

ሲያስወጡት በሩ ላይ ቆመ። ሳጅኑ ጠበቃ ሊጠይቅ ነው ብሎ አሰበ።

«ማሞቂያውን ቀንሱት» አለ ሰውየው። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አሁን ካልተቀነሰ ጣዕሙ ይበላሻል።»

መታጠቢያው ይንጠባጠባል።

*

ጎሚስታው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። መርማሪዋ በመስኮት አየችው። ሪፖርቱ አሥራ ሰባተኛ ገጽ ላይ ደርሶ ነበር፤ እጇን ለማሳረፍ ነው የቆመችው። መስኮቱ ክፍት ነው።

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ወደ እሷ ሄደ፤ ግን ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?»

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ።

«ገፍቼዋለሁ እኮ» አለ። «የነካሁት የመጨረሻ ቀን ገፍቼው ነው።»

«እኔም አልደወልኩለትም።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወሰደና በራሱ ትከሻ አንጠለጠለው። ትንሽ የሴት ቦርሳ ነው፤ እሱ ላይ አስቂኝ ሆኗል። ሁለቱም አልሳቁም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«የት ልቁም?»

መርማሪዋ ከመስኮቱ ሳትነቃነቅ ጠበቀች።

«አጠገቤ» አለች ሴትየዋ። መሄድ ከጀመረች በኋላ ዞር ሳትል ጨመረችበት፤ «ኮት ግን ተበደር። ያንተ ጎማ ይሸታል።»